ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ዳገቱን ቁጠሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መስከረም ጠባና የብስክሌት ጥያቄው በዛ። በዚህ ወር የደረሰን አብዛኛው ግን ስለ አስፋልት አይደለም። ስለ ፒስታ፣ ስለ ኮረኮንች፣ ስለ ዳገት ነው። ግራቭል የሚባለውን ብስክሌት የማታውቁ ካላችሁ፣ መሪው የእሽቅድድም ብስክሌት ይመስላል፣ ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው፣ የተሠራውም ለጠጠር መንገድ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን ነው ያወጣናቸው፤ ስም አልጻፍንም።

ሲኤምሲ አካባቢ ነኝ። ያገለገለ ግራቭል ብስክሌት ገዛሁ። አስፋልት ላይ 60 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት አይፈጅብኝም። ባለፈው እሁድ ግን ከሱሉልታ ጀርባ 28 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ያውም ግማሹን እየገፋሁ። ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ብስክሌቱ? ለጀማሪስ የት ይሻላል?

ሁለታችሁም አይደላችሁም። ኪሎ ሜትር መቁጠርህ ነው የበላህ። አስፋልት ላይ ኪሎ ሜትር ደህና መለኪያ ነው፤ ተራራማ ፒስታ ላይ ግን ይዋሻል። ከመውጣትህ በፊት ማየት ያለብህ በጠቅላላው ስንት ሜትር ሽቅብ እንደምትወጣ ነው። ስትራቫና ኮሙት የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ይህን ያሳዩሃል። እኔ የምጠቀምበት ግምት እንዲህ ነው፦ በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ 300 ሜትር ከሆነ ዘና ብለህ ትሄዳለህ፣ 600 ከሆነ ላብ አለው፣ 900 ካለፈ ምሳህን ቋጥረህ ውጣ።

ቀጥሎ ማርሽህን ተመልከት። ጥርሶቹን ቁጠራቸው። የፊቱ 40፣ የኋላው ትልቁ ደግሞ 34 ከሆነ፣ ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ለማዞር በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ይጠበቅብሃል። አሥር በመቶ ዳገት ላይ፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ በ11 የሚወጣ ሰው ተወዳዳሪ ነው እንጂ የእሁድ ብስክሌተኛ አይደለም። የፊቱ 30 የኋላው 42 ቢሆን ግን በዚያው የእግር ምት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበቃሃል። ይሄ ነው በመግፋትና በመንዳት መካከል ያለው ልዩነት፤ ጉልበት ብቻ አይደለም። የኋላውን ጥርስ ከመቀየርህ በፊት ግን ሰንሰለቱን የሚያዘዋውረው ክፍል ያን ያህል ትልቅ ጥርስ ይችል እንደሆነ መካኒክህን ጠይቀው። ሁሉም አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ አፈሩ። ሱሉልታ ሜዳው ረባዳ ነው፤ ክረምት የጠጣውን ውሃ በመስከረምም አይለቅም። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ መረሬ ላይ ከገባህ ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ይጠቀጠቅና ቸርኬው መዞር ያቆማል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ትሸከመዋለህ እንጂ አይሸከምህም። ቀይ አፈር ግን ሌላ ፍጥረት ነው፣ ውሃውን ቶሎ ያሳልፋል። ዝናብ ባቆመ ማግስት ይነዳል፤ መረሬው ብዙ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ሆለታ ዙሪያ ቀይ ነው፣ ወደ ጊንጪ ስትጠጋ ጥቁር ይሆናል፤ መንገዱ ያው የአምቦ መንገድ ነው፣ አፈሩ ግን ሁለት አገር። ስለዚህ ካርታውን ከማመንህ በፊት የሳተላይት ፎቶውን አጉላና የመንገዱን ቀለም እይ። ቀላ ያለውን ምረጥ። ግራጫና ጥቁር የሆነውን ለጥርና ለየካቲት አቆየው። ፎቶው ሌላም ያሳይሃል፤ ካርታ ላይ መንገድ ተብሎ የተሰመረው አንዳንዱ ጎርፍ በልቶት ቦረቦር ሆኗል።

የት ልሂድ ላልከው፣ መጀመሪያ እንጦጦ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ለብስክሌት የተሠራ መንገድ አለ፤ መሬቱን ሳትፈራ ዳገትና ቁልቁለት ትለማመድበታለህ። ከፓርኩ ውጭ ባሉት የጫካ መንገዶች ላይ ሁለት ነገር ልብ በል። አንዱ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው። ያቺ ትንሽ ጠንካራ ፍሬ መታጠፊያ ላይ ተከምራ ስትገኝ የፊት ጎማህን እንደ ብይ ታንሸራትተዋለች። የብስክሌቱን ፍሬን መያዝ ያለብህ ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ከገባህ ልቀቀው። ሁለተኛው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ናቸው። ሸክሙ ከመንገዱ ወርድ ሊተካከል ምንም አይቀረው፣ እነሱ ደግሞ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ወደ ኋላ አያዩም። ደወል መደወል ያስደነግጣል። ከሩቁ «እናቴ፣ ከኋላ ነኝ» በልና ቁም፤ እነሱ ይለፉ። በዚያ ቁልቁለት ላይ 40 ኪሎ እንጨት ተሸክሞ ጥግ መያዝና ፍሬን መያዝ አንድ አይደለም።

እንጦጦን ከለመድክ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ሂድ። ከሰበታም ከመናገሻ ከተማም በኩል ይገባል። እስከዚያ ድረስ ግን አስፋልቱ ላይ ከሲኖ ጋር አትጋፋ፤ ብስክሌትህን መኪና ላይ ጭነህ ከከተማው ውጣ። በር ላይ መግቢያ ትከፍላለህ፤ ለብስክሌት የትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ እዚያው ጠይቅ። ጫካው ያረፈበት የወጨጫ ተራራ ጫፉ 3,385 ሜትር ነው፣ ዳገቱ ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው የተተከለው የሚባልለት ጽድ አለ፣ ዝግባ አለ፣ ቀና ብለህ ካየህ ጉሬዛ አለ። ጥላው ወፍራም ስለሆነ ጫካ ውስጥ ያለው መንገድ ከውጭው ዘግይቶ ይደርቃል። ቀይ አፈር ነው ብለህ እንዳትዘናጋ።

58 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሲ ኤንድ ኦ በሚባለው ካናል ዳር ባለው መንገድ በሳምንት ሁለቴ እነዳለሁ። ለገና አዲስ አበባ ስመጣ ብስክሌቴን ይዤ እንጦጦንና ዙሪያውን ልሞክር አስቤአለሁ። ምን ልዘጋጅ?

በእግርዎ አልጠራጠርም፣ በሳንባዎ እንጂ። የካናሉ መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ 184.5 ማይል ነው፣ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ርቀት ከፍታው የሚጨምረው 185 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በአንድ ትንፋሽ የሚወጡት ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅንም እንዲሁ።

ስለዚህ ከአውሮፕላን በወረዱ ማግስት እንጦጦ አይውጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ይንቀሳቀሱ፣ ዘመድ ይጠይቁ፣ ብስክሌቱን ይግጠሙ። ከዚያ ሜዳ ላይ አጭር አጭር ይንዱ። ሳምንት ሲሞላዎት ዳገቱን ይሞክሩ፣ ያኔም እያወሩ መውጣት በሚችሉበት ፍጥነት። ራስዎን ካመመዎት፣ ካቅለሸለሸዎት ወይም ካዞረዎት ወደ ታች ይውረዱ። በጉዞ ድካም ወይም በማታው ጠጅ አያሳቡት። የደም ግፊት ወይም የልብ ነገር ካለ ደግሞ ሳይነሱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልዎት።

ዕቃን በተመለከተ፣ ቀጭን አፍ ያለው የውስጥ ጎማ ቢያንስ ሦስት ይያዙ። ጎሚስታ በየመንገዱ አለ፣ ሥራቸውም ሸጋ ነው፣ ግን የነፋስ ቱቦው የተሠራው ለመኪና ስለሆነ ከቀጭኑ አፍ ጋር አይገናኝም። ላዩ ላይ የምትጠመዘዝ የጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ መቀየሪያ አለች፣ ዋጋዋ ሳንቲም ነው። ሁለት ይግዙ፤ አንዷን ኪስዎ፣ አንዷን ኮርቻ ስር ባለው ቦርሳ ያድርጓት። ልጁ ሲነፋ ደግሞ አጠገቡ ቁመው «በቃ!» ይበሉ፣ ያ ማሽን የመኪና ጎማ የለመደ ነው። 42 ሚሊ ሜትር ጎማ ከውስጥ ጎማ ጋር 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 33፣ ከኋላ 38 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ያጋጨውና የውስጡን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ጎማዎ ቲዩብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የሌለው፣ ከሆነ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ከዚያው ይዘው ይምጡ። ሰንሰለት የሚያዘዋውረውን ክፍል ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ቁራጭ ብረትም አይርሱ፤ ሻንጣ ውስጥ የሚጣመመው እሱ ነው፣ ቅርጹም ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ የሌላ ሰው አይሆንልዎትም።

ታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ግን እንጦጦና ሱሉልታ ውርጭ አለ። ሙሉ ጓንት ይዘው ይምጡ። ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በፊት ከተማ ይግቡ። እዚያ እንደለመዱት ረጅም ምሽት እዚህ የለም፣ ፀሐይዋ ከገባች ወዲያው ይጨልማል።

ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፣ ሴት ነኝ። ከሐይቆቹ ዙሪያ ወጣ ብዬ የገጠር መንገድ መንዳት እወዳለሁ፣ ግን ውሻና ልጆች አስመረሩኝ። ልጆቹ አንዳንዴ ድንጋይ ይወረውራሉ። ምን ላድርግ? ለእሾህስ መላ አለው?

ከውሻው እንጀምር። ቁልቁለት ካልሆነ በቀር ልታመልጪው አትሞክሪ። የሚሮጥ ነገር ያሳድዳል፤ የቆመ ነገር ግራ ያጋባዋል። ውረጂ፣ ብስክሌቱን በአንቺና በውሻው መካከል አድርጊ፣ ቆጣ ባለ ድምፅ «ሂድ!» በይ። ካልሰማ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ እንደምታነሺ ሁኚ። ብዙውን ጊዜ መወርወር አያስፈልግም፣ የገጠር ውሻ ያቺን ጎንበስ ማለት በደንብ ያውቃታል። ከነከሰሽ ግን፣ ትንሽ ጭረትም ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል። ቤት ደርሼ አያለሁ አይባልም።

ልጆቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እኔ እንዳየሁት ድንጋይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ በፍጥነት ለሚያልፍ ሰው ነው። ቀድመሽ ሰላም በይ። በአካባቢው ቋንቋ «አካም ጅርቱ» ስትዪ ፊታቸው ወዲያው ይቀየራል። ዳገት ከሆነ አብረውሽ ይሮጣሉ፣ ይሩጡ፣ አውሪያቸው። ትልልቅ ሰዎች ካሉ ሰላምታው በመጀመሪያ ለእነሱ ይሁን፤ አንድ አባት «ተው!» ካሉ ጉዳዩ አለቀ። ከረሜላና ብር መስጠት ግን አልደግፍም። ዛሬ አንቺን ያሳልፍሻል፣ ነገ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ግን ያስከፍለዋል። ብቻሽን ከምትሆኚም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፤ የምትሄጂበትን መንገድና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ተናገሪ።

እሾሁ የግራር ነው፣ ያንን መከላከል አይቻልም፣ መሸወድ ነው ያለው። ቲዩብለስ ጎማ ከነፈሳሹ ካለሽ እሾሁ ሲነቀል ቀዳዳው ራሱ ይደፈናል። ከሌለሽ ፈሳሹን የውስጥ ጎማው ውስጥ መጨመርም ይቻላል፣ አፉ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ። ቢሾፍቱ ደግሞ የጤፍ አገር ነው፣ መሬቱ መረሬ። በበጋ ጥሩ ጠንካራ መንገድ ይሆናል፣ ግን በየማሳው ዳር ያለው ስንጥቅ የፊት ጎማ ይውጣል። ስንጥቁን ሁሌም አቋርጪው፣ ጎን ለጎን አትንጂ።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በብስክሌት ይሄዳል?

ይሄዳል፣ በአገሪቱ ካሉት ውብ መንገዶች አንዱ ይመስለኛል። ከደብረ ብርሃን ብርድ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሜዳ ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንኮበር ስትደርሱ መሬቱ ከእግራችሁ ስር ያልቃል፣ ማዶ የአፋር ቆላ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ያደረጉት ለምን እንደሆነ ሲያዩት ይገባል። ችግሩ መልሱ ሽቅብ መሆኑ ነው። ኃይላችሁን ከግማሽ በላይ ለመመለሻ አስቀሩ፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ነገር እዚህ በትክክል ይሠራል።

መንገዱ ግን ዛሬ ሰላም ነው ወይ የሚለውን ከዚህ ዓምድ አትጠብቁ። መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ሁኔታው ይለወጣል። በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ። እነሱ ካልወጡ እናንተም አትውጡ።

ቨርጂኒያ አሽበርን ነው ያለሁት። ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው የብስክሌት መንገድ አስፋልቱ ሰለቸኝ። አገር ቤት ያለውን ዓይነት ኮረብታማ የጠጠር መንገድ እዚህ አገኝ ይሆን?

አፍንጫህ ስር ነው ያለው። አንተ ያለህበት የላውደን ካውንቲ ምዕራቡ ክፍል አስፋልት ያልለበሱ አሮጌ የገጠር መንገዶች አሁንም በብዛት አሉት። የሰለቸህን መንገድ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ፐርሰልቪል፣ ንዳው። ከዚያ ወደ ደቡብ ወደ ሊንከን ታጠፍ፣ ቀጥሎ ፊሎሞንት፣ ዩኒሰን፣ ከዚያም ሚድልበርግ። ሊንከን ኩዌከር የሚባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮች የቆየ ሰፈር ነው። በድንጋይ ካብ መካከል የሚሄድ ጠባብ ፒስታ ስታይ የአገር ቤት አጥር ትዝ ሊልህ ይችላል። ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፣ ግን አያልቁም፤ ወጣሁ ስትል ትወርዳለህ፣ ወረድኩ ስትል ትወጣለህ፣ ማታ ስትደምረው ቁጥሩ ያስደነግጥሃል። እንጦጦ አንዱን ትልቅ ዳገት አውጥቶ ይገላግልሃል፣ ላውደን ግን በችርቻሮ ነው የሚጨርስህ። ውሃህን ፐርሰልቪል ወይም ሚድልበርግ ሙላ፣ በመሃል አትተማመን።

ሚድልበርግ የፈረስ አገር ነው። ፈረሰኛ ስታይ ቀዝቀዝ በልና ጮክ ብለህ ሰላም በል። ፈረሱ የሰው ድምፅ ከሰማ ብስክሌት መሆንህን ይረሳዋል፤ ዝም ብለህ ከኋላው ከመጣህ ግን ይበረግጋል፣ ጥፋቱም ያንተ ነው። ሣር ውስጥ ከተቀመጥክ ማታ ከጉልበትህ ጀርባና ከካልሲህ በላይ መዥገር ፈልግ፤ በዚያ አካባቢ «ላይም» የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ዓይነት አለ። ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳህ ጋር አስጠግተህ ያዘውና ቀጥ አድርገህ ሳብ። ቅባትና ክብሪት ተወው።

የማውንቴን ብስክሌት ብቻ ነው ያለኝ። ግራቭል ልግዛ ወይ? ሰሚት፣ አዲስ አበባ።

አትግዛ። ለእኛ አገር ኮረኮንች ያንተው ይሻላል፣ ማርሹም ብዙውን ጊዜ ለዳገት ቀለል ይላል። ጎማህ ትልልቅ ጥርስ ካለው ጥርሱ አነስ ባለ ጎማ ለውጠው፣ ከሰፈርህ ኮብልስቶን ላይ ንፋሱን እየቀነስክ እየጨመርክ አንድ ቀን ሞክረው። እጅህ የማይደነዝዝበትን፣ ቸርኬው ደግሞ ድንጋይ የማይነካበትን ልክ ስታገኝ ቁጥሩን ጻፍና ያዝ። ለስንቅ በሶ በማር በቂ ነው።